ሙቀቱ እስኪታይ ድረስ

አንደኛ ዓመት ሳለን የፊዚክስና የኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜ ላይ «ይሄ ደግሞ ለሐኪም ምን ይሠራለታል?» እንባባል የነበረው ትዝ ይላችኋል? ከባዮቹ አንዷ እኔ ነበርኩ። ሐሳቤን ያስለወጠኝን አንድ ታሪክ ላጫውታችሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ልጅ ሆነን የፀሐይን ብርሃን በማጉያ መነጽር ሰብስበን ወረቀት እንዳቃጠልነው ሁሉ፣ የአልትራሳውንድ ሞገድንም ሰውነት ውስጥ አንድ ነጥብ ላይ ማሰባሰብ ይቻላል። ነጥቡ ላይ ሙቀቱ ወደ 60 ዲግሪ ሲጠጋ ሴሎቹ በሴኮንዶች ውስጥ ይሞታሉ፤ ቆዳ አይቀደድም።

ሐሳቡን በ1942 ጆን ሊንና ባልደረቦቹ ኒው ዮርክ በሚገኘው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሞከሩት። በራስ ቅል በኩል የእንስሳት አንጎል ላይ ሲሞክሩት ግን የጭንቅላት ቆዳው ክፉኛ ተጎዳ። በ1950ዎቹ የኢሊኖዮቹ ወንድማማቾች ዊሊያምና ፍራንሲስ ፍራይ ከአዮዋው የነርቭ ቀዶ ሐኪም ከራስል ማየርስ ጋር ሆነው የፓርኪንሰን ሕሙማንን አከሙበት። ለዚያም አጥንቱን መክፈት ነበረባቸው። ደግሞም ሙቀቱ የት እንዳረፈና ስንት እንደደረሰ እዚያው እያዩ የሚከታተሉበት መንገድ አልነበረም። አንጎል ውስጥ ጥቂት ሚሊሜትር መሳት ምን እንደሚያስከትል ለእናንተ አልነግርም። እሳቱ ነበር፤ የጠፋው ቴርሞሜትሩ ነው።

ቴርሞሜትሩ የመጣው ካልታሰበ ቦታ ነው። በ1966 ሂንድማን የተባለ ተመራማሪ ማግኔት ውስጥ ያለ የውሃ ፕሮቶን ፍሪኩዌንሲው ከሙቀት ጋር እንደሚለዋወጥ ለክቶ አሳየ። ለውጡ በአንድ ዲግሪ ከሚሊዮን 0.01 እጅ ገደማ ብቻ ነው። ያኔ ኤምአርአይ ገና አልተፈለሰፈም፤ ጥናቱም የውሃ ጥናት እንጂ የሕክምና አልነበረም። በ1995 ግን ጃፓን ውስጥ ኢሺሃራና ባልደረቦቹ ይህችኑ ትንሽ ለውጥ ከኤምአርአይ ምስል አንብበው የሙቀት ካርታ ሠሩባት። እንከን የላትም አይባልም፤ ስብ ላይ አትሠራም፣ ታካሚው ከተንቀሳቀሰም ትሳሳታለች።

በዚያው ዘመን ቦስተን ብሪገም ኤንድ ዊመንስ ሆስፒታል ውስጥ ራዲዮሎጂስቱ ፌሬንትስ ዮሌስና ፊዚሲስቱ ኩለርቮ ሂኒነን አልትራሳውንዱንና ኤምአርአዩን አንድ ላይ ያሠሩ ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው። መጀመሪያ ጉዳት በማያደርስ ዝቅተኛ ኃይል ነጥቡን ሞቅ ያደርጉታል። ካርታው ላይ ቦታውን ያያሉ፤ ከሳተ ያስተካክላሉ። ከዚያ ነው ኃይሉን የሚጨምሩት። የሚንቀጠቀጥ እጅ ሲታከም ታካሚው ነቅቶ በየመሃሉ ክብ መስመር እንዲሥል ይጠየቃል፤ የእጁ መርጋት ወረቀቱ ላይ ይታያል።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ሕክምናውን በ2004 ለማህፀን ማዮማ፣ በ2016 ደግሞ ኢሴንሻል ትሬመር ለሚባለው መንቀጥቀጥ ፈቀደ። ማዮማ ጥቁር ሴቶች ላይ በብዛትና በለጋ ዕድሜ እንደሚታይ እናውቃለን። ማህፀኗን ማጣት ለማትፈልግ ሴት ተጨማሪ አማራጭ መኖሩ ትንሽ ነገር አይደለም። መሣሪያው ውድ ስለሆነ ግን አማራጩ ገና ለብዙዎቹ እጅ አልገባም።

ከ1942 እስከ 2004 ስልሳ ሁለት ዓመት ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ከጎደሉት ነገሮች ዋናው የሙቀት መለኪያ ነበር፤ መነሻውም እኛ «ለሐኪም ምን ይሠራለታል?» የምንለው ዓይነት ትምህርት ውስጥ ተገኘ። ዛሬ የምታስተምሩ ባልደረቦቼ፣ ተማሪ ያንን ጥያቄ ሲያነሳ ይህን ታሪክ ንገሩልኝ። የአንደኛ ዓመት መምህሮቻችን ሆይ፣ ዘግይቶም ቢሆን ይቅርታ።