ጳጉሜን የገባችበት ፋይል

ኢንተርን ሆነን ጤና ጣቢያ የወጣንበትን ጊዜ የምታስታውሱ ጓደኞቼ፣ የወር ሪፖርት መሙላት ምን ያህል ያሰለች እንደነበር አትረሱትም። እኔን ያስቸገረችኝ ጳጉሜን ነበረች። የተሰጠን የኮምፒውተር ቅጽ የሚያውቀው ዐሥራ ሁለት ወር ብቻ ነው። “የት ላስገባት?” ስል “ከነሐሴ ጋር ደርቢያት” ተባልኩ፤ ደረብኳት። ቁጥሩ ከፍ ሲል “ወባ ተነሣ እንዴ?” ብለው ጠየቁን። የተነሣችውስ ጳጉሜን ነበረች።

ዛሬ የአገራችን ጤና ተቋማት ሪፖርት የሚልኩበት ዲኤችአይኤስ 2 ጳጉሜን ያውቃታል። እንዴት አወቃት? ነገሩ የሚጀምረው ከደቡብ አፍሪካ ነው። አፓርታይድ ካከተመ በኋላ፣ በዘር ተከፋፍሎ የኖረውን የጤና መረጃ አንድ ለማድረግ የኦስሎና የዌስተርን ኬፕ ዩኒቨርሲቲዎች ሰዎች አብረው ሠሩ። የመጀመሪያው ፕሮግራም በማይክሮሶፍት አክሰስ ላይ የቆመ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 ኦስሎ ላይ በጃቫ እንደ አዲስ መጻፍ ተጀመረ፤ በ2006 በሕንድ ኬረላ ሥራ ላይ ዋለ። ኮዱ ክፍት ስለሆነ ማንም አይቶ፣ አዲስ ፋይል ጽፎ ማቅረብ ይችላል።

እኔ ፕሮግራመር አይደለሁም። ቢሆንም አንድ ቀን የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር የያዘውን ፋይል ከፍቼ አየሁት። አናቱ ላይ ያለው ኮድ አይደለም፣ ውል ነው። የቅጂ መብቱ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ተጠቀሙበት፣ ለውጡት፣ አሰራጩት፤ ይህን ማስታወቂያ ግን አታንሡ፣ በስማችንም ያለ ፈቃድ አታስተዋውቁ፤ ዋስትና አንሰጥም ይላል። ከሥሩ ያለው ሥራ አጭር ነው። ጆዳ ታይም የተባለ ሌላ ክፍት ሶፍትዌር የእኛን አቆጣጠር ስሌት አስቀድሞ ይዞት ስለነበር በእሱ ላይ ተደግፏል። የኔፓል ፋይል ግን የወራቱ ርዝመት ከዓመት ዓመት ስለሚለያይ የየዓመቱን ሠንጠረዥ መደርደር ግድ ሆኖበታል። የእኛማ ቀላል ነው፦ ባለ 30 ቀን ዐሥራ ሁለት ወር፣ ከዚያ 5 ወይም 6 ቀን።

ያቺ አናት ላይ ያለች ውል ቀላል ነገር አይደለችም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ የአይቲ ባልደረባዬ ጋር የሕሙማን ቀጠሮን ወደ እኛ ቀን የሚመልስ ትንሽ ፋይል አዘጋጅተን ለጋራ ሥራ ልናበረክት ተነሣን። የመጀመሪያው መስመር ላይ ቆምን፦ የማን ነው? የተጻፈው በመሥሪያ ቤት ሰዓት፣ በመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ነው። የፈቃድ ደብዳቤ ጠየቅን፤ እምቢ ያለን የለም፣ የፈረመም የለም። የእኛ ያልሆነውን የእኛ ነው ብለን መስጠት ደግሞ አልቻልንም። ፋይሉ እስከ ዛሬ ፍላሽ ውስጥ ተቀምጧል።

ስለዚህ ለመምህራኖቻችን አንድ ልመና አለኝ። በየዓመቱ ተማሪዎች ለመመረቂያ የሚጽፉት ኮድ ባለቤቱ ማን እንደሆነ፣ በምን ፈቃድ እንደሚወጣ ሥራው ሳይጀመር በአንድ ገጽ ይጻፍ። እኛም በየመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ የሆንን ምሩቃን፣ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ጠረጴዛችን ላይ ሲደርስ እሺም ሆነ እምቢ ብለን እንፈርም። ጳጉሜን የገባችው አንድ ሰው ፋይሉን ስለጻፈ ብቻ አይደለም፤ “ውሰዱት” ብሎ የፈረመ ተቋምም ስለነበረ ነው።