የገና ኩኪስ ወደ ጓዳ እንዴት ገባ?

የፈረንጆች ዲሴምበር ሲገባ በጀርመን ቤቶች ቅዳሜና እሑድ የመጋገሪያ ቀን ነው። ጠረጴዛው ዱቄት ይለብሳል። ልጆች በቆርቆሮ ቅርጽ ማውጫ ከተዳመጠው ሊጥ ኮከብ፣ ልብና ጨረቃ ያወጣሉ፤ ከምድጃ የወጣው ሲቀዘቅዝም በእንቁላል ነጭ የተመታ የስኳር ዱቄት ይቀቡታል፣ ባለቀለም ስኳር ይነሰንሱበታል። ከገና በፊት ባሉት አራት ሳምንታት የተጋገረው ሁሉ በቆርቆሮ ሣጥን ተከትቶ ለእንግዳ፣ ለጎረቤትና ለዘመድ ይደርሳል። ይህን ያየ ሰው ልማዱ ከጥንት ጀምሮ የእናቶችና የልጆች እንደነበረ ቢገምት አይፈረድበትም። የገና ብስኩት ግን ለብዙ መቶ ዓመታት የእጅ ባለሙያ ወንዶች እንጀራ ነበር።

ይህን ለማየት ከደቡብ ጀርመኗ ኑረምበርግ የተሻለ ቦታ አይገኝም። ከተማዋን የከበበው የንጉሠ ነገሥቱ ደን በንቡ የታወቀ ሲሆን፣ ንጉሥ ካርል 4ኛ በ1350 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ለደኑ ማር ቆራጮች ልዩ መብት ሰጥተዋቸዋል። ማር ቆራጮቹ በምላሹ ቀስታቸውን ይዘው ንጉሡን ያገለግሉ ነበር። ማሩ ከደጅ ሲገኝ ቅመሙ ከሩቅ ይመጣ ነበር። ቀረፋ፣ ዝንጅብል፣ ቅርንፉድና ገውዝ ከእስያ ተነሥተው ቬኒስ ይደርሱና በአልፕስ ተራሮች በኩል ወደ ኑረምበርግ ነጋዴዎች መጋዘን ይገቡ ነበር። በ1395 የከተማው መዝገብ ላይ በማርና በቅመም ብስኩት የሚተዳደር ሰው ስም ሰፍሮ ይገኛል።

አሠራሩ ትዕግሥት ይጠይቅ ነበር። ማሩ ይሞቅና ከዱቄት ጋር ተለውሶ በቀዝቃዛ ምድር ቤት ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቀመጣል። እርሾ የሚባል ነገር የለበትም። ሊጋገር ሲል ቅመሙ ይገባበታል፤ ከእንጨት አመድ የሚወጣ ፖታሽና ድሮ ከአጋዘን ቀንድ ይሠራ የነበረ የአሞኒያ ጨው ደግሞ እንዲነፋ ይጨመርበታል። ጥሬው ሊጥ በአሞኒያው የተነሣ አፍንጫ ይሰነፍጣል፤ ምድጃ ሲገባ ግን ሽታው በኖ ይጠፋል።

ማስዋቡም ቢሆን በስኳር አልነበረም። ሊጡ ነገሥታት፣ ፈረሰኞችና የታቀፉ ሕፃናት በተቀረጹበት የእንጨት ቅርጽ ላይ ተጭኖ ምስሉን ይዞ ይወጣል። ስለዚህ የጋጋሪው ዝና በእንጨት ቀራጩ እጅ ላይም የተንጠለጠለ ነበር። ንጉሠ ነገሥት ፍሪድሪሽ 3ኛ በ1487 ኑረምበርግ በነበሩ ጊዜ 4,000 ለሚደርሱ የከተማዋ ልጆች የራሳቸው መልክ የታተመበት ብስኩት እንዳስታደሉ ይነገራል።

በደቡብ ጀርመንና በኦስትሪያ የዚህ ሙያ ሰዎች ከማር የሚገኘውን ሁሉ ይሸጡ ነበር። ከማሩ ብስኩትና ጠጅ፣ ከሰሙ ደግሞ ለቤተ ክርስቲያን ሻማ ይሠራሉ። በኑረምበርግ ብስኩት ሠሪዎቹ በ1643 ከዳቦ ጋጋሪዎች ተለይተው የራሳቸውን የሙያ ማኅበር አቋቋሙ። ማን እንደሚጋግርና ማን እንደሚሸጥ የሚወስነው ይኸው ማኅበር ሆነ።

ቅቤስ የት ነበር? ከገና በፊት ያሉት ሳምንታት በካቶሊኩ ዓለም የጾም ወቅት ስለነበሩ የበዓሉ ጋገራ በማር፣ በለውዝና በዘይት ይሠራ ነበር። የሳክሶኒ መኳንንት ቅቤ እንዲፈቀድላቸው ሮምን ለምነው፣ በ1491 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኢኖሰንት 8ኛ በደብዳቤ ፈቀዱላቸው። ፈቃዱ በነጻ አልነበረም፤ ተጠቃሚዎቹ ለቤተ ክርስቲያን ሥራ ገንዘብ መክፈል ነበረባቸው። ዛሬ በቅቤ የራሰው የድሬስደን የገና ዳቦ ታሪኩ ከዚህ ደብዳቤ ጋር የተያያዘ ነው።

ጓዳው የተከፈተው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ መጀመሪያ በስኳር። አንድሬያስ ማርግራፍ የተባለ የበርሊን ኬሚስት በ1747 በቀይ ሥር ዝርያ ውስጥ ስኳር እንዳለ አሳየ። ተማሪው ፍራንዝ አካርድ በአዲሱ ክፍለ ዘመን መግቢያ በሲሌዥያ ፋብሪካ ተከለ። ናፖሊዮን የእንግሊዝን ንግድ ከአውሮፓ ሲዘጋ ከሞቃት አገር በመርከብ የሚመጣው ስኳር ጠፋና የአገሩ ስኳር ገበያ አገኘ። የክፍለ ዘመኑ ማብቂያ ላይ ሠራተኛው ቤተሰብም ስኳር የሚገዛበት ዘመን ደረሰ። ቀጥሎ ብረት ምድጃ ከነመጋገሪያው ወደ ቤት ገባ፤ ሊጥ ተሸክሞ ወደ ዳቦ ቤት መሄድ ቀረ። በ1891 በቢለፌልድ ከተማ ፋርማሲ የገዛው አውጉስት ኦትከር ለግማሽ ኪሎ ዱቄት የሚበቃ ቤኪንግ ፓውደር በትንሽ ከረጢት እያሸገ፣ የአሠራር መመሪያ እያተመ ለባለትዳሮች ይሸጥ ጀመር። ሊጥን ለወራት ማስቀመጥ የማትችል እናት አሁን በአንድ ከሰዓት መጋገር ቻለች።

አሜሪካ የገባው ልማድ ደግሞ ከደች፣ ከእንግሊዝና ከጀርመን ሰፋሪዎች የተውጣጣ ነው። አሚሊያ ሲመንስ በ1796 በኮኔቲከት ባሳተመችው የምግብ መጽሐፍ ውስጥ የተፈጨ ድንብላል የሚገባበት የገና ኩኪስ አለ። ሲጋገር ደረቅ እንደሆነ፣ በሸክላ ተከድኖ ስድስት ወር ቢቆይ ግን እንደሚለሰልስና እንደሚጣፍጥ ትመክራለች። በፔንሲልቬኒያ የጀርመን ተወላጅ ቆርቆሮ ሠሪዎች የኩኪስ ቅርጽ ማውጫን በእጃቸው እያጠፉ ይበይዱ ነበር፤ ኋላ ከጀርመን ፋብሪካዎች ርካሹ ሲመጣ እንጨት ቀራጩ ያወጣው የነበረውን ምስል ማንም ልጅ ማውጣት ቻለ።

በስኳር ያጌጠው የብስኩት ቤትም ታዋቂ የሆነው በዚሁ ዘመን ነው። የግሪም ወንድማማቾች በ1812 ባሳተሙት ተረት የጠንቋይዋ ቤት በዳቦ የተሠራ፣ በኬክ የተከደነ፣ መስኮቱም ስኳር ነበር። ኤንግልበርት ሁምፐርዲንክ ተረቱን ኦፔራ አድርጎት በ1893 በገና ዋዜማ ሰሞን በቫይማር ከታየ ወዲህ ታሪኩ ከበዓሉ ጋር ተቆራኘ።

ኑረምበርግ ግን ሙያዋን አልለቀቀችም። ከ1996 ጀምሮ የአውሮፓ ሕግ በስሟ የሚሸጠው ብስኩት በከተማዋ ብቻ እንዲሠራ ያዛል። ከሁሉ የሚከበረው ዓይነት ቢያንስ 25 በመቶው ለውዝና መሰል ፍሬ፣ ዱቄቱም ከ10 በመቶ ያልበለጠ መሆን አለበት። ቤት ውስጥ የሚጋግሩት እንዲህ ያለ ደንብ የለባቸውም፤ በ2006 ግን የጀርመን የአደጋ ምዘና ተቋም ስለ ቀረፋ አስጠንቅቋቸው ነበር። ርካሹ የካሲያ ቀረፋ ኩማሪን የተባለ፣ ሲበዛ ጉበት የሚጎዳ ንጥረ ነገር ስላለው ትንንሽ ልጆች የቀረፋ ኮከብ የሚባለውን ብስኩት እንዳያበዙ ተመከረ። አንድ ጊዜ የባለጸጋ ነጋዴ ሀብት የነበረው ቅመም ልጆች ከመጠን በላይ የሚበሉት ነገር ሆኗል፤ ብዙ ጋጋሪዎችም ኩማሪኑ እጅግ አነስተኛ ወደሆነው፣ ዋጋው ግን ወደሚበልጠው የስሪላንካ ቀረፋ ዞረዋል።