ኮሎኔሉ ገና ማደያ ሲሠሩ

ሰሞኑን በየገጹ የሚዞር ጽሑፍ አለ። ነጭ ሱፍ የለበሱ ሽማግሌ ፎቶ፣ ከሥሩ «እስከ 65 ዓመታቸው ያልተሳካላቸው፣ 1,009 ጊዜ እምቢ የተባሉ ሰው» የሚል። ብዙዎቻችሁ ልካችሁልኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ። የኬኤፍሲው ኮሎኔል ሳንደርስ ናቸው። ያችን 1,009 የምትባል ቁጥር ለአነቃቂ ተናጋሪዎች ልተውላቸውና፣ እኔ የምወደው ማንም የማያወራውን የፊተኛውን ክፍል ነው። ከሐምሌ 2016 የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ ሱቅና ካፌ ያላችሁ ልጆቼ «መምህር፣ እቃው ተወደደ፣ ገዢው ቀነሰ፣ ማስታወቂያውን ላቁመው ወይስ ልቀጥል?» እያላችሁ ስለምትደውሉ ዛሬ እሱን ላጫውታችሁ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሃርላንድ ሳንደርስ በ1890 ኢንዲያና ውስጥ ተወለደ። (ለወጣት ሳንደርስ «አንተ» ልበል፣ ማዕረጉ ገና አልመጣም።) አባቱ በልጅነቱ ስለሞተ፣ እናቱ ሥራ ስትውል ለታናናሾቹ የሚያበስለው እሱ ነበር። ካደገ በኋላ ያልሞከረው የለም። ባቡር ላይ እሳት አቀጣጥሏል፣ ኢንሹራንስ ሸጧል፣ ጎማ ሸጧል። ጥብቅናም ሞክሮ ነበር፣ እሱን የተወው ፍርድ ቤት ውስጥ ከገዛ ደንበኛው ጋር ተደባድቦ ነው። በ1924 ኬንታኪ ውስጥ ኒኮላስቪል በምትባል ከተማ ቤንዚን ማደያ ያዘ። ከ1929 በኋላ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት መጣ፣ በ1930 ማደያው ተዘጋ። ሰውየው አርባ ዓመቱ ነበር።

በዚያው ዓመት ሼል ኩባንያ ኮርቢን አጠገብ ያለ ማደያ ሰጠው። ኪራይ የለም፣ ከሽያጩ ለኩባንያው ድርሻ ይከፍላል። ቦታው ከሰሜን ወደ ፍሎሪዳ የሚወርደው ተጓዥ የሚያልፍበት አውራ ጎዳና ላይ ነው። ጊዜውን አስቡት፦ ባንኮች እየተዘጉ ነው፣ በ1933 ከአራት ሠራተኛ አንዱ ሥራ አጥቷል። ነዳጅ ደግሞ ከማንም ማደያ ብትቀዳው ያው ነዳጅ ነው። ታዲያ በምን ይለይ?

መኪና ሲቆም መስታወቱን ይወለውላል። ቤንዚን ባትቀዳም፣ መንገድ ልትጠይቅ ብቻ ብትቆምም ይወለውልልሃል። ተጓዦቹ ደግሞ «እዚህ አካባቢ ምግብ የት ይገኛል?» ይሉ ነበር። ደህና ቤት አልነበረም። ሳንደርስ ቤተሰቡ የሚበላበትን፣ ስድስት ሰው የሚያስቀምጠውን ጠረጴዛ ወደ ማደያው አወጣውና የቤቱን ምግብ ለመንገደኛ ማቅረብ ጀመረ። ዶሮ፣ የአሳማ ሥጋ፣ አትክልት። ምግብ ቤቱ የተጀመረው እንዲህ ነው። አዲስ ደንበኛ ፍለጋ ከተማ ለከተማ አልዞረም፤ ቀድሞ በሩ ላይ የቆመው ሰው ሌላ ምን እንደጎደለው አየ። ገንዘቧን ቡስት ላይ ከማፍሰሳችሁ በፊት እስቲ ይህቺን አስቧት።

ማስታወቂያ ንቋል ማለቴ ግን አይደለም። በአካባቢው የገበሬ ጎተራ ግድግዳዎች ላይ ትልልቅ ጽሑፍ ያስጽፍ ነበር። እንዲያውም ነገሩ ደም አፋስሷል። ማት ስቱዋርት የሚባል ተፎካካሪ ባለ ማደያ የሳንደርስን ምልክት በቀለም ያጠፋበት ነበር። በ1931 ሳንደርስ ከሁለት የሼል ሰዎች ጋር ሆኖ ሲያጠፋ ያዘው፣ ተኩስ ተከፈተ፣ ሮበርት ጊብሰን የሚባለው የሼል ሰው ሞተ፣ ሳንደርስም ስቱዋርትን ትከሻውን አቆሰለው። ስቱዋርት እስር ቤት ገባ። ለአንድ የመንገድ ዳር ሰሌዳ! ሳንደርስ ቅዱስ ሰው አልነበረም፣ አፉም ክፉ ነበር ይባላል።

በ1930ዎቹ አጋማሽ የኬንታኪው ገዥ ሩቢ ላፉን የክብር ኮሎኔልነት ሰጡት፣ ከእንግዲህ እኔም አንቱ ልበላቸው። ምግብ ቤታቸው አደገ፣ አጠገቡ ሞቴል ሠሩ፣ በ1939 ተቃጠለ፣ በዓመቱ እንደገና ከፈቱት።

አሁን ወደምወዳት ነገር ደረስኩ። የዚያን ዘመን የመንገድ ዳር ሞቴል ስሙ የጠፋ ነበር። የኤፍቢአዩ ዋና ሰው ኤድጋር ሁቨር ራሳቸው በ1940 መጽሔት ላይ «የወንጀል ካምፖች» ብለው ጽፈውበታል። ልጆች ይዞ የሚጓዝ ቤተሰብ አንሶላው ንጹሕ ይሁን አይሁን፣ ጎረቤት ክፍል ማን ይደር የሚያውቀው ነገር የለም። ኮሎኔሉ ምን አደረጉ መሰላችሁ? ምግብ ቤቱ ውስጥ አንዲት የሞቴል ክፍል እንዳለች፣ አልጋዋም መታጠቢያዋም ሳይቀር ሠርተው አስቀመጡ። ያውም የሴቶች መጸዳጃ ቤት መተላለፊያ ላይ። ለምሳ የቆመች እናት ወደ መጸዳጃ ስትሄድ ሳትወድ በግዷ ክፍሉን ታያለች። የት እንደሚታደር የምትወስነው እሷ እንደሆነች ገብቷቸዋል።

ነገሩ ቀልድ ይመስላል፣ ግን ቁም ነገሩ እዚህ ነው ያለው ብዬ አምናለሁ። ኑሮ ሲከብድ ገዢው ገንዘብ ማጣቱ ብቻ አይደለም የሚያስጨንቀው። በእጁ የቀረችውን ትንሽ ገንዘብ አላግባብ እንዳያወጣት ይፈራል። ዋጋ ብትቀንስለትም ያ ፍርሃት አይለቀውም። እኛ አገር ቅቤው ሙዝ፣ በርበሬው የሸክላ ዱቄት እንዳይሆን የምትሰጋ እናት «ታላቅ ቅናሽ» የሚል ፖስተር ምን ያደርግላታል? የቅቤ ነጋዴዎቻችን «ቅመሽው፣ አሽትችው» የሚሉት ወደው አይደለም። አንዷ ተማሪዬ በርበሬዋን ደንበኞቿ ፊት ነው የምታስፈጨው። ስለ ኮርቢን ሰምታ አታውቅም፣ ሥራዋ ግን ያው ነው። ስለዚህ ለጠየቃችሁኝ፦ ማስታወቂያው ይህን ፍርሃት የሚያቀልል ከሆነ ቀጥሉበት፣ «እኛ ምርጥ ነን» የሚል ብቻ ከሆነ ብሩን ለእቃ አድርጉት።

በዚያው ሰሞን ሌላ ምስክርም አገኙ። ደንከን ሃይንስ የሚባል ተጓዥ ሻጭ ጥሩ ምግብ የበላበትን ቤት እየመዘገበ መጽሐፍ ያሳትም ነበር። ለመመዝገብ ገንዘብ አይቀበልም፣ ሰው ያመነውም ለዚያ ነው። የኮርቢኑም ቤት ገባበት።

እዚህ ላይ ባቆም ታሪኩ ያምር ነበር፣ ግን እውነቱ ሌላ ነው። አሜሪካ ጦርነት ስትገባ ቤንዚን በራሽን ሆነ፣ ተጓዥ ጠፋ፣ ሞቴሉ ተዘጋ። ኮሎኔሉም ሌላ ቦታ ተቀጥረው ሠሩ። ከጦርነቱ በኋላ እንደገና ቆሙ። ቀጥሎ ደግሞ አዲሱ ፈጣን መንገድ ኮርቢንን በሩቁ ሊያልፋት መሆኑ ተሰማ። እኛም እናውቀዋለን፤ የአዳማው ፈጣን መንገድ ከተከፈተ ወዲህ በዚያ የሚሄድ ሰው ዱከም ለጥሬ ሥጋ ጎራ አይልም። በኮሪደር ልማቱ ሱቃችሁ የተነሳባችሁም ይገባችኋል። የተወለወለ መስታወትም ሆነ ናሙና ክፍል መንገድ አያስመልስም። በ1956 ንብረቱን በ75,000 ዶላር ሸጡት፣ እሱም ዕዳ ከመክፈል ብዙ አላለፈም። የቀራቸው በወር 105 ዶላር የጡረታ ገንዘብ ነበር።

መንገዱ ያልወሰደባቸው ግን የዶሮ አጠባበሳቸውን ነው። ቀድመው፣ በ1952፣ ሶልት ሌክ ሲቲ ላለው ፒት ሃርመን አሠራሩን አስተምረውት ነበር። «ኬንታኪ ፍራይድ ቺክን» የሚለውን ስም ያወጣው ሃርመን የቀጠረው ዶን አንደርሰን የሚባል የሰሌዳ ጸሐፊ ነው። ሰሌዳ ጻፊውን አትናቁ። ከ1956 በኋላ ኮሎኔሉ ድስትና ቅመማቸውን መኪና ላይ ጭነው ከምግብ ቤት ምግብ ቤት ዞሩ። ቃላቸውን እንዲያምኗቸው አይለምኑም፤ ኩሽና ገብተው ጠብሰው ለባለቤቱና ለሠራተኞቹ ያቀምሳሉ፣ ከተስማሙ ከእያንዳንዱ ዶሮ ጥቂት ሳንቲም። በ1964 ድርጅቱን በ2 ሚሊዮን ዶላር ሲሸጡ ከ600 በላይ ቤቶች ነበሩ።

የኮርቢኑ ቤት ዛሬም አለ። በ1990 ታድሶ ተከፍቷል፣ ሙዚየምም ነው፣ ዶሮም ይሸጥበታል። ናሙናዋ ክፍልም አልጋዋ ተነጥፎ እዚያው ናት።