በመኖሪያ ቤት ለሚሠራ ንግድ የኮምፒውተር ወጪ ተቀናሽ አያያዝ

የሂሳብ መዝገብ የሚይዝ ግብር ከፋይ በመኖሪያ ቤቱ ለሚያካሂደው ንግድ የገዛውን ኮምፒውተር ዋጋ የሚቀንሰው በአንድ ጊዜ ሳይሆን፣ በፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት በየዓመቱ በሚሰላ የእርጅና ቅናሽ ነው። በ2009 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ቁጥር 410 ለኮምፒውተር፣ ለሶፍትዌርና ለመረጃ ማከማቻ መሣሪያ በቀጥተኛ ዘዴ 20 በመቶ፣ ዋጋው እየቀነሰ በሚሄድ ዘዴ ደግሞ 25 በመቶ ደንግጓል።

መሣሪያው ለግል አገልግሎትም የሚውል ከሆነ ተቀናሽ የሚደረገው የንግዱ ድርሻ ብቻ ነው። ለአብነትም በ60 ሺህ ብር የተገዛና ዓመቱን ሙሉ ያገለገለ ኮምፒውተር በቀጥተኛ ዘዴ የ12 ሺህ ብር ቅናሽ ሲኖረው፣ 70 በመቶው ለንግድ ከዋለ 8 ሺህ 400 ብር ይያዛል።

በመሆኑም መሣሪያው በመኖሪያ ቤት መገኘቱ ብቻ ተቀናሹን ውድቅ አያደርገውም፤ በግዥ ደረሰኝ ያልተደገፈ ወጪ ግን ተቀባይነት አይኖረውም።