ግሪፊዝ ፒው እና የኤቨረስት ትንፋሽ

በ1920ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ወደ ኤቨረስት ይዘምቱ የነበሩት የብሪታንያ ተራራ ወጪዎች አጥብቀው ከተከራከሩባቸው ጉዳዮች አንዱ ኦክስጅን ይዞ መውጣት ተገቢ ነውን የሚለው ነበር። ብዙዎች ድርጊቱን ለጨዋ ሰው የማይገባ ማጭበርበር አድርገው ይቆጥሩት ነበር። በ1922 ጆርጅ ፊንች በኦክስጅን እየታገዘ 8,300 ሜትር ገደማ ደረሰ፤ በ1924 ግን ኤድዋርድ ኖርተን ያለ ኦክስጅን ከ8,500 ሜትር በላይ በመውጣቱ የተቃዋሚዎቹ ወገን ተጠናከረ። በዚያው ዓመት ማሎሪና ኧርቪን ኦክስጅን ተሸክመው ወጥተው ሳይመለሱ ቀሩ። ክርክሩ ከስሜት የመነጨ እንጂ በልኬት የተደገፈ አልነበረም።

ይህን የለወጠው ሐኪምና የፊዚዮሎጂ ተመራማሪ የነበረው ግሪፊዝ ፒው ነው። በ1952 ወደ ቾ ኦዩ ከተጓዘው ቡድን ጋር ሄዶ፣ 6,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው የሜንሉንግ መተላለፊያ ላይ ተራራ ወጪዎቹን ሽቅብ እያስኬደ፣ የሚሰጣቸውን ኦክስጅን መጠን እየለዋወጠ ትንፋሻቸውን መረመረ። በደቂቃ 2 ሊትር ኦክስጅን የመሣሪያውን ክብደት ከማካካስ እምብዛም እንደማያልፍ፣ የ4 ሊትር ጥቅም ግን ጉልህ መሆኑን ተረዳ።

ሌላው ትኩረቱ ይበልጥ ተራ ነገር ነበር፤ ውኃ። በደረቅና ቀዝቃዛ አየር ውስጥ በኃይል የሚተነፍስ ሰው ብዙ ፈሳሽ ያጣል፤ በዚያ ከፍታ ደግሞ በረዶ ካልቀለጠ የሚጠጣ የለም። በዚያው ዓመት የስዊዘርላንድ ቡድን አባላት የነበሩት ላምበርትና ቴንዚንግ 8,600 ሜትር ገደማ ከመድረሳቸው በፊት በነበረው ሌሊት በረዶ ያቀለጡት በሻማ ነበር። ፒው በቀን ከ3 ሊትር ያላነሰ ፈሳሽ እንዲጠጣ፣ ለዚሁም በቂ ምድጃና ነዳጅ እንዲያዝ አሳሰበ። ግንቦት 29 ቀን 1953 ሂላሪና ቴንዚንግ አናቱን ሲረግጡ ኦክስጅናቸውም ፈሳሻቸውም በዚህ ስሌት የተዘጋጀ ነበር። የፒው ስም ግን ለብዙ ዓመታት ከባለሙያዎች ክበብ እምብዛም አልወጣም።

በ1960 እና 1961 ፒው 5,800 ሜትር ላይ በተተከለ ጎጆ ውስጥ ከባልደረቦቹ ጋር ወራት አሳለፈ፤ ሰዎቹ ጤነኞች ሆነው ሳለ ክብደታቸው መቀነሱን አላቋረጠም።

ግንቦት 8 ቀን 1978 ሜስነርና ሀበለር ያለ ኦክስጅን አናቱ ላይ ደረሱ። እንዴት ተቻለ? ከፊል መልሱ በ1981 ተገኘ፤ ሐኪሙ ክሪስቶፈር ፒዞ አናቱ ላይ የአየር ግፊትን ሲለካ 253 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሆነ። ይህ ከባሕር ወለሉ አንድ ሦስተኛ ቢሆንም በተለመደው ቀመር ከሚገመተው የላቀ ነበር፤ ኤቨረስት ለምድር ወገብ በአንጻራዊነት ቅርብ በመሆኑ በላዩ ያለው አየር ወፈር ያለ ነውና።

በ2007 አራት የብሪታንያ ሐኪሞች ከአናቱ ሲመለሱ 8,400 ሜትር ላይ ኦክስጅናቸውን አውልቀው፣ ከብሽሽታቸው ደም ቅዳ ቧንቧ ደም ቀዱ። ናሙናው 6,400 ሜትር ላይ ወደነበረው ላቦራቶሪ በሼርፓ ተላከ። የኦክስጅን ግፊቱ በአማካይ 24.6 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ፣ ዝቅተኛው 19.1 ነበር፤ አራቱም ግን በእግራቸው ወደ ካምፓቸው ወረዱ።