የወሎ ሰፋሪ ገበሬዎች

የወሎ ሰፋሪ ገበሬዎች በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ወቅት ደርግ ከአምባሰል፣ ከሐይቅ ዙሪያና ከሌሎች የወሎ አውራጃዎች አንስቶ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋና መተከል ያሰፈራቸው አርሶ አደሮችና ልጆቻቸው ናቸው። ወደ 600,000 ከሚጠጉት ሰፋሪዎች ከግማሽ የሚበልጡት የወሎ ሰዎች ነበሩ፤ ብዙዎቹም ሳይወዱ ተወስደዋል። ደጋ ለምዶ የኖረው ገበሬ ወባ ባለበት ቆላ ጫካ መንጥሮ በቆሎና ማሽላ አለማ።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬትን የመንግሥትና የሕዝቦች የጋራ ንብረት ያደርጋል፤ አርሶ አደሩ ከመሬቱ እንዳይነቀልም ዋስትና ይሰጣል። ክልሎች በብሔር ሲዋቀሩ ግን ዋስትናው ለሰፋሪው ወረቀት ላይ ቀረ፤ ለዓመታት ያረሰው ሰው እንደ መጤ ታየ። ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. በምዕራብ ወለጋ ጊምቢ ወረዳ ቶሌ ቀበሌ የሰፋሪ ቤተሰቦች የሆኑ በመቶዎች የሚቆጠሩ አማሮች ተጨፈጨፉ።



ከወለጋ የተፈናቀሉ በርካታ ቤተሰቦች በወሎ፣ በሐይቅ ከተማ አካባቢ ተጠልለዋል። በዚያ የነበረው የአባቶቻቸው ማሳ ግን ለቀሪው ሕዝብ ከተከፋፈለ ቆይቷል፤ ስለዚህ ገበሬ ሆነው የተፈናቀሉት በትውልድ አገራቸው የሚያርሱት መሬት አላገኙም።