ፀሐይ የማይደርስበት ጥቁር ቀለም

የፕሮስቴት ዕጢ በቀዶ ሕክምና ወጥቶ ሲሰነጠቅ ሐኪሙ የሚጠብቀው ግራጫ ወይም ቢጫማ ሥጋ ነው። አልፎ አልፎ ግን በከሰል የተጫረ የሚመስል ጥቁር መስመር ያጋጥመዋል። ከፊኛ ሥር በተሸሸገ፣ ብርሃን አይቶ በማያውቅ ዕጢ ውስጥ የቆዳና የጠጉር ቀለም የሆነው ሜላኒን ምን ሊሠራ ገባ? ጥያቄው ሥጋን በስሱ ቆርጦ፣ ቀለም ነክሮ፣ በማይክሮስኮፕ የሚመረምረው የፓቶሎጂስት ጥያቄ ነው። መልሱ የተለቀመው ግን ስለ ፕሮስቴት ጨርሶ ሳያስቡ ከደከሙ ሰዎች ሥራ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1912 ጣሊያናዊው ፎንታና የሚያሳድደው የቂጥኝን ተሕዋስ ነበር። ያን ቀጭን ጥምዝምዝ ፍጡር ለማየት አሞንያ የገባበት የብር ጨው ተጠቀመ፤ ብሩ ተሕዋሱ ላይ ተለጥፎ አጠቆረው። ብዙም ሳይቆይ ፈረንሳዊው ፒየር ማሶን ዘዴውን ለህብረ ሕዋስ አመቻቸው። ሜላኒን የብር ጨውን ወደ ጥቁር የብር ብናኝ የመለወጥ ጠባይ አለው። በሁለቱ ስም የሚጠራው ማቅለሚያ ከመቶ ዓመት በኋላም ከላብራቶሪ አልወጣም።

ብር ብቻውን ግን በቂ ምስክር አይደለም። ሕዋስ እያረጀ ሲሄድ የሚያጠራቅመው ሊፖፈሲን የተባለ ቡናማ ዝቃጭ አለ፤ በፕሮስቴት ውስጥ ከሜላኒን ይልቅ የሚዘወተረው እሱ ነው፤ እሱም ብሩን ሊያጠቁር ይችላል። ስለዚህ ባለሙያው ከዚያው ሥጋ ሌላ ቅጠል ይቆርጥና በፐርማንጋኔት ያነጣዋል። ሜላኒን ከሆነ ጥቁረቱ ይጠፋል፤ ሊፖፈሲን ግን በቀላሉ አይለቅም። ከድሮ መድማት የቀረ ብረት እንዳይሆን ደግሞ ማክስ ፔርልስ በ1867 ያስተዋወቀው ሰማያዊ ምርመራ ይጨመራል። አንዲት ጥቁር ነጥብ ስሟን እስክታገኝ ይህን ሁሉ ፈተና ታልፋለች፤ የሙያው ክብርም ያለው እዚህ ጥንቃቄ ላይ ነው።

ምን እንደሆነ ከታወቀ በኋላ ማን ሠራው የሚለው ይከተላል። በ1913 ባዝል ከተማ ውስጥ ማርኩስ ጉገንሃይም ከባቄላ ዶፓ የተባለውን ንጥረ ነገር ለይቶ አወጣ። ሁለት ግራም ተኩል ያህል ራሱ ቀምሶ አስመልሶታል። የባቄላ ማሳ የሚያውቅ ሰው የደረሰው ቆባ እንዴት እንደሚጠቁር አይቷል፤ አንዱ ምክንያት ይኸው ዶፓ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ስዊዘርላንዳዊው የቆዳ ሐኪም ብሩኖ ብሎክ በበረዶ ያጠነከረውን የቆዳ ቅጠል በዶፓ ነከረው። ሁሉም ሕዋስ አልጠቆረም። ቀለም የመሥራት አቅም ያላቸው ብቻ ከጎረቤቶቻቸው ተለይተው ጠቆሩ።

ጠብ የተነሣው ከዚህ ላይ ነው። ለብሎክ ቀለም የሚሠራው የቆዳው የራሱ ሕዋስ ነበር። ማሶን ደግሞ ሠሪዎቹ ቅርንጫፋቸውን የዘረጉ ሌሎች ሕዋሳት ናቸው፣ ከነርቭም ጋር ዝምድና አላቸው፣ ቀለሙን ሠርተው ለጎረቤት ያቀብላሉ አለ። የማሶን ሐሳብ ለፕሮስቴት ታሪክ ትልቅ ዋጋ ነበረው፤ ቀለም የያዘ ሕዋስ ሁሉ ቀለም ሠሪ ላይሆን ይችላል ማለት ነውና።

የሠሪዎቹ ትውልድ የታወቀው በጽንስ ጥናት ነው። በ1940ዎቹ ሜሪ ሮውልስ ከአይጥ ጽንስ ቁራጭ ሥጋ እየወሰደች በዶሮ ጽንስ ውስጥ አሳደገች። በጽንሱ ጀርባ በኩል ያለው የነርቭ ሸንተረር የተባለው ክፍል፣ ወይም ከዚያ የፈለሱት ሕዋሳት ያሉበት ቁራጭ ቀለም አወጣ፤ እነሱ የሌሉበት ሳይቀልም ቀረ። የፕሮስቴት ዕጢ ውስጠኛ ሽፋን የሚበቅለው ግን ከሌላ ምንጭ ነው። ስለዚህ እዚያ የሚገኝ ሜላኒን ሠሪ ሕዋስ መንገደኛ ነው፤ ዓይንና የውስጥ ጆሮ የደረሱትም ዘመዶቹ ናቸው።

በ1963 ኒጎጎስያን እና ባልደረቦች በፕሮስቴት ውስጥ ያገኙትን ሰማያዊ ኒቨስ የተባለ የቀለም ነጥብ ለሕትመት አበቁ። ይህ ዓይነቱ ምልክት፣ በእኛ ዘንድ «ማርያም የሳመችው» ከሚባለው ጋር የሚቀራረብ፣ በቆዳ ላይ በ1906 በማክስ ቲዬሽ ተገልጾ ነበር። ሰማያዊ የሚመስለው ቀለሙ በጥልቀት ስለተቀበረ ነው። በ1970 ጉዪላን እና ዜልማን በፕሮስቴት ውስጥ ያለው ሜላኒን ምን ያህል እንደሚገኝና ከየት እንደሚመጣ የሚመረምር ራሱን የቻለ ጽሑፍ አወጡ። ቀለሙ በዕጢዎቹ መካከል ባለው ደጋፊ ሥጋ ብቻ ሳይሆን በዕጢዎቹ ሽፋን ላይም ሲታይ የብሎክና የማሶን ክርክር እንደገና አገረሸ፤ ሽፋኑ ራሱ ሠርቶት ነው ወይስ ከመንገደኛው ተቀብሎት?

ክርክሩ ለታማሚው ቀላል ነገር አይደለም። ሜላኖማ የተባለው አደገኛ ካንሰር በፕሮስቴት እጅግ ብርቅ ቢሆንም አለ፤ ጉዳት ከሌለው ኒቨስ ጋር ቢምታታ አንድ ሰው ያለ ምክንያት በፍርሃት ይኖራል፣ ወይም በጊዜ መታከም ሲገባው ይዘነጋል።

ማሶን የነርቭ ዝምድና ብሎ የጠራው ነገር በ2009 አዲስ ማስረጃ አገኘ። አዳሜይኮ፣ ኤርንፎርስ እና ባልደረቦቻቸው ከነርቭ ጋር ከሚጓዙት የሽዋን ሕዋስ ቀዳሚዎች ቀለም ሠሪ ሕዋሳት እንደሚወለዱ በአይጥና በዶሮ ጽንስ አሳዩ። ፕሮስቴት ደግሞ ዙሪያውን በነርቭ መረብ የተከበበ ዕጢ ነው። ወደ ውስጡ ለገባ መንገደኛ ሕዋስ ነርቭ ራሱ ጎዳና ሊሆነው ይችላል።